የበረቱን ቁልፍ ያልሰጠሁ ዕለት

ለዚህ ዕድሜ ያደረሰኝ አላህ ምስጋና ይግባው። ብዙ ሰጥቶኛል፤ የወሰደብኝ ጥቂት ነው። ከዚያ ጥቂት ውስጥ ግን በራሴ እጅ ያጠፋሁት አለ። የምነግራችሁ እሱን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። የሶማሊያው ጦርነት ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እኔ ያን ጊዜ የሦስት ልጆች እናት ነበርኩ። ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ላይ እንኖር ነበር። ባለቤቴ ዑመር ባቡር ላይ ይሠራል፤ ሳምንት ይሄዳል፣ ሁለት ቀን ቤት ያድራል፣ ተመልሶ ይሄዳል። እሱ በሌለበት ቤቱን የምታቆመው ቡሬ ነበረች።

ቡሬ ላማችን ናት። ጥቁርና ነጭ፣ ከፈረንጅ ዝርያ የተዳቀለች። ዑመር ከአለማያ በኩል ጥጃ ሆና አምጥቷት ግቢያችን ውስጥ አደገች። ወተቷን ልጆቼ ይጠጣሉ፤ የተረፈውን ማዕዘኑ ላይ ላለው ሻይ ቤት እሰጣለሁ። በዚያ ግንቦት የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። በሆዷ ያለው ጥጃ ሴት እንዲሆን በየሶላቱ ዱዓ አደርግ ነበር። ሴት ከሆነች ሁለት ላም ሊኖረን ነው።

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ የጋራ ሙለታ ሰው። አባቴ ሰንጋ ያደልብ ነበር። በእኛ አገር የሚደልብ ሰንጋ መስክ አይወጣም። ቤት ውስጥ፣ ጨለም ያለ ጥግ ታስሮ፣ የማሽላ አገዳ በእጅ እየጎረሰ ነው የሚሰባው። ውጭው ብርድ ነው፣ ቤቱ ይሞቃል። እንግዳ ሲመጣ አባቴ በሰንጋው ፊት ጋቢ ይጋርዳል። «ዓይን ያላረፈበት ከብት ነው የሚሰባው» ይል ነበር። ከብት ተዘግቶበትና ተደብቆ የሚያዝ ነገር መሆኑን ያወቅኩት እንዲህ ነው። ይህንኑ ዕውቀት ይዤ ድሬዳዋ ወረድኩ።

ዑመር ለቡሬ በረት ሲሠራላት ጣሪያውን በቆርቆሮ አለበሰው። የሰፈሩ ሰው ተገረመ፤ ቆርቆሮ የሌለው የሰው ቤት ሞልቶ ነበርና። እኔም ኮራሁ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ እጄን ባነሳ እነካዋለሁ። ሦስቱ ግድግዳ ድንጋይ ነው። አራተኛው፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ያለው፣ እንጨት በእንጨት ነበር። በእንጨቶቹ መሃል ነፋስ ይገባ ነበር።

የበረቱን የጀርባ ግድግዳና የግቢውን አጥር ከጎረቤታችን ከካድራ ጋር እንጋራለን። ካድራ ሶማሌ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር የወተት ነጋዴ። ከገጠር የሚመጣላትን የግመልና የላም ወተት መጋላ ገበያ ተቀምጣ ትሸጣለች። የተወለደችው ከብት መሃል ነው። ምላሷ አያርፍም፤ ቀልዷ ግድግዳ ተሻግሮ እኔ ጋ ይደርሳል።

የግንቦት መጀመሪያ ላይ ቡሬን ግቢ ውስጥ አስሬ ሳጥባት ካድራ በግድግዳው ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«አባዮ! ይቺ ላም ናት ወይስ የጅቡቲ ባቡር? ሆዷ እኮ ፉርጎ ያህላል!» አለችና ሳቀች። አባዮ በእነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው።

እኔ አልሳቅኩም። ማሻአላህ እስክትል ጠበቅኩ። ሰው የሰው ንብረት ሲያደንቅ ማሻአላህ ካላለ ዓይኑ ይጎዳል፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ካድራ እየሳቀች ወደ ቤቷ ገባች። ረሳችው መሰለኝ። በኋላ ግን የረሳችው አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ቀን የቡሬ ወተት በግማሽ ቀነሰ። መኖዋን ተወች። ቀትር ላይ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ለሃጯ እስከ መሬት ይንጠባጠባል። ውሃ ባቀረብኩላት ቁጥር ገንዳውን ትጨርሳለች። የበላት ዓይን ነው አልኩ። ግንቦት መግባቱን፣ ቆርቆሮው ከቀትር በኋላ እንደ ምጣድ መጋሉን አላሰብኩም። ሰው ምክንያት ካገኘ ሌላ አይፈልግም።

ስለዚህ ደበቅኳት። የእንጨቱን ክፍተት በጆንያ ደፈንኩ። በጆንያው ላይ የአሮጌ በርሜል ቆርቆሮ መታሁበት። በሩን በቁልፍ ዘግቼ ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አሰርኩ። ቡሬ ባሰባት። ሲብስባት እኔ ቀዳዳ መፈለግ ጀመርኩ፤ ዓይን የሚገባበት ቀዳዳ። አንዲት ጣት የምታህል ስንጥቅ አግኝቼ በጭቃ መረግኳት።

ካድራ መዶሻውን ሰምታ ነበር።

«ዘይነባ፣ ምን እየሠራሽ ነው? ላሚቱን እየቀበርሻት ነው እንዴ?»

«እየጠበቅኳት ነው።»

«ከማን? ጅብ እዚህ መጋላ አይገባም፣ ታርጋ የለውም!» ሳቀችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። እኛ ጋ በረት ግድግዳ የለውም፤ እሾህ ይታጠራል፣ ግራር ያጠላል፣ በቃ። ነፋስ ክልክል ነው እንዴ? ከብት አፍንጫ አለው።»

«እኛ አገር ከብት ከሰው ጋር ቤት ያድራል።»

«እናንተ አገር ብርድ ነው። ይሄ ድሬ ነው አቦ!»

ምስማሩን መምታት ቀጠልኩ። ላሚቱን ለማየት ሰበብ የምትፈልግ መሰለኝ።

በዚያ ሳምንት እሑድ የቀበሌው ሴቶች ስብሰባ ተጠራ። የቀረች ሴት የወሩ ስኳር አይሰጣትም፤ ስሟም ይያዛል። ልጆቹን እህቴ ጋ ላክኋቸው። ለቡሬ ፉርሽካዋን ሰጠሁ፣ ውሃ አጠጣሁ፣ በሩን ቆለፍኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ያልቃል ተብሏል።

አላለቀም። ሪፖርት ተነበበ፣ ሌላ ሪፖርት ተነበበ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሴቶቹ በሻሻቸው ጫፍ ፊታቸውን ያራግባሉ። እኔ ቀድሜ ስለመጣሁ መስኮት ሥር ቦታ ይዣለሁ። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ስለ እኔ ነፋስ አመሰገንኩ፤ ስለ እሷ አላሰብኩም።

ከቀትሩ የዙህር አዛን በኋላ በሩ ላይ ጭቅጭቅ ተሰማ።

«ጓድ፣ አንዲት ሴት ልጥራና ልሂድ።»

«ስብሰባ ላይ ነን። ተመለሺ።»

«ስብሰባህን አልበላብህም አቦ! የዘይነባን ላም ሞት እየበላት ነው!»

ሴቶቹ ሳቁ። የካድራን ድምፅ አወቅኩት። በሩን የሚጠብቀው የአብዮት ጥበቃ እስከ ደፉ ብቻ እንድወጣ ፈቀደልኝ።

ካድራ በዱላ ተደግፋ ቆማለች። የግራ እግሯ አብጦ በጨርቅ ታስሯል። በእግሯ ምክንያት ከስብሰባው ፈቃድ አግኝታ ነበር። ከእኛ ቤት እስከ አዳራሹ ለጤነኛ ሰው እንኳ በዚያ ፀሐይ መንገዱ ሩቅ ነው። ላቧ ከአገጯ ይወርዳል።

«ቁልፉን ስጪኝ» አለች። «ላሚቱ እያቃሰተች ነው። ቅድም ድምጿ ከላይ ነበር፤ አሁን ከታች ነው የሚመጣው። ወድቃለች።»

«አየሻት?»

«በምን ልያት? ሁሉን ደፍነሽው! በጆሮዬ ነው። ግድግዳው ላይ እጄን ባሳርፍ አቃጠለኝ።»

«ጠዋት አጠጥቻታለሁ።»

«ያጣችው ውሃ አይደለም፣ አየር ነው። ወይ ራስሽ ነይ፣ ወይ ቁልፉን ስጪኝ።»

ጠባቂው ጣልቃ ገባ። «አንቺ ከወጣሽ አልተገኘችም ብዬ ነው የማስመዘግብሽ» አለኝ።

እጄ አንገቴ ላይ ሄደ። ቁልፉን በቀሚሴ ላይ ጨብጬ ያዝኩት። ከዚያ የተናገርኩትን ተናገርኩ።

«ካድራ፣ ላሜን ተያት። እንዲህ የሆነችው አንቺ ካየሻት ወዲህ ነው። ዓይንሽን ከላሜ ላይ አንሺ።»

ድምፄ ዝቅ ያለ አልነበረም። ከኋላዬ ሳቁ ቆመ። አንዲት ሴት «አዑዙ ቢላህ» አለች፤ ሰው ከክፉ ነገር ወደ አላህ ሲሸሽ እንደሚለው። የቅርቧ ሴት የያዘችውን ሕፃን ፊት በሻሿ ሸፈነች።

ካድራ ሕፃኑ ሲሸፈን አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሷ አልታዘዝ ሲላት አየሁ። ዱላዋን አስተካከለችና፦

«እሺ አባዮ» አለች። «የሚበላት ግን ዓይን አይደለም፤ ቆርቆሮው ነው።»

እያነከሰች ሄደች። እኔ ተመልሼ መስኮቴ ሥር ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። «ግድግዳው አቃጠለኝ» ያለችው ቃል ጆሮዬን አልለቀቀም። መነሳት እችል ነበር። የማጣው የአንድ ወር ስኳር ነው። ለስኳሩ ብዬ አይደለም የቆየሁት። ከተነሳሁ ካድራ እውነቷን ነው ማለት ይሆናል፤ ሁሉም ሴት ያየኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናንተ ነው የምናገረው።

ስብሰባው ሲያልቅ ሮጥኩ። ወደ ግቢያችን ስቀርብ ከቆርቆሮ ላይ ውሃ ሲወርድ ሰማሁ፤ ጭሽሽ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጭሽሽ ይላል። በዚያ ፀሐይ፣ ደመና በሌለበት። ገብቼ ሳይ ካድራ በራሷ ግቢ በርጩማ ላይ ቆማ፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ በጣሳ ውሃ በረቱ ጣሪያ ላይ ትረጫለች። ለሳምንት ከቦኖ ያስቀዳችውን የበርሜል ውሃ ነው።

«ክፈቺ!» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

የአንገቴን ክር በጥሼ ቁልፉን አስገባሁ። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ የሽንት ሽታ ዓይኔን አቃጠለው። ቡሬ በጎኗ ተጋድማለች። ምላሷ ወጥቶ አቧራ ላይ ተዘርግቷል፣ አፏ አረፋ ሞልቷል። ዓይኗ ክፍት ነው፤ እኔን ግን አላየኝም።

«ሞታለች!» ብዬ ጮህኩ።

«ሆዷ ይነሳል?» አለች ካድራ ከግድግዳው ማዶ።

«ይነሳል… ቶሎ ቶሎ ይነሳል።»

«አልሞተችም። ጆንያውን ቅደጂ! ሁሉንም!»

ራሴ የመታሁትን ቆርቆሮ በእጄ ገነጠልኩት። ጣቴ ተቆረጠ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ነፋስ ገባ። ቡሬን ወደ ጥላ ልጎትት ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለችም። ያኔ ካድራ በእኛ በር በኩል ገብታ መጣች። የበረቱ ደፍ ላይ ግን ቆመች።

«ልግባ?» አለችኝ።

ይህን መጠየቋ ከሁሉም በላይ ይቆረቁረኛል። ላሜ እየሞተች፣ ዓይኗን ይዛ ለመግባት ፈቃድ ጠየቀችኝ።

«ግቢልኝ» አልኳት።

በጣሳ ውሃ ቀድቼ የቡሬ ራስ ላይ ላፈስ ስል ቀማችኝ። «እንዲህ አይደለም። ከእግሯ ጀምሪ። ከዚያ ሆዷን፣ ከዚያ አንገቷን። እኔ ስረጭ አንቺ አራግቢ፤ ውሃ ያለ ነፋስ ምንም አይሠራም።» ሰሌን አነሳሁና አራገብኩ። እሷ በታመመው እግሯ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ውሃ ረጨች። የቡሬን ምላስ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችላት። በሶማሊኛ ቀስ እያለች ታናግራት ነበር። ምን እንደምትላት አላውቅም፤ ቡሬ ግን ጆሮዋን አንቀሳቀሰች።

«ለምን በሩን አልሰበርሽውም?» አልኳት እያለቀስኩ።

«እኔ?» ቀና ሳትል ሳቀች። «ሶማሌ ሴት፣ በዚህ ጊዜ፣ የሰው ቁልፍ ልስበር? ላሚቱን ባድናት እኔን ማን ያድነኛል?»

ለከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ሲባል ቡሬ ራሷን አነሳች። ትንሽ ቆይታ በፊት እግሯ ተንበረከከች፤ ወደቀች፤ ደግማ ሞከረችና ቆመች። ቀስ እያልን ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አደረስናት። ካድራ ውሃውን በአንድ ጊዜ እንዳትጠጣ ገንዳውን እያራቀች፣ እያቀረበች አጠጣቻት። እኔ አስርን ሰገድኩ። ካድራም ከጎኔ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ሰገደች።

ላሚቱን አላህ መለሰልኝ። ጥጃው ግን አልተመለሰልኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቡሬ ጨነገፈች። ሴት ነበረች። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ አየ፤ ሙቀት ነው አለ። ካድራ የነገረችኝን ነው ደግሞ የነገረኝ፤ እሱን ግን አመንኩት።

ዑመር ሲመለስ ሁሉን ነገርኩት። መዶሻውን አነሳ። ጣሪያውን ከፍ አደረገው፤ በቆርቆሮው ላይ የማሽላ አገዳ ወፍራም አድርጎ ደረበበት። የድንጋዩን ግድግዳ እስከ ወገብ አወረደው። በምዕራብ በኩል ብቻ የከሰዓቷን ፀሐይ የሚመልስ ሰሌን ሰቀለ። ካድራ ከማዶ ሆና ታዘዋለች፦ «ጨምር አቦ! ይሄ ጣሪያ ነው ወይስ ቆብ?» እኔም መኖውን ፀሐይ ሳይወጣና ከጠለቀ በኋላ ማቅረብ ጀመርኩ። ቀትር ላይ ውሃ አይለያትም። በጣም በሚሞቅበት ቀን ጆንያ አርጥቤ ነፋስ በሚመጣበት በኩል እሰቅላለሁ። ያው ጆንያ ነው፤ አሰቃቀሉ ነው የተለየው። ቡሬ በዓመቱ ወለደች፤ ከዚያም ደገመች። ልጆቼ በወተቷ አድገዋል፤ አልሐምዱሊላህ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። አላለቀም።

ካድራ ወተት ነጋዴ ናት ብያችኋለሁ። እኔ ያን ቃል የተናገርኩት ወተት ገዢ ሴቶች በሞሉበት በር ላይ ነው። ከሳምንት በኋላ ገበያ ስሄድ የካድራ ዕቃ እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ የሌሎቹ ነጋዴዎች አልቋል። አንዲት እናት ለሌላዋ «ከእሷ አትግዢ፤ ለሕፃን ነው የምትወስጂው» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። ቆሜ «ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት» ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

በዚያው ቀን ቤቷ ሄጄ «አፉ በይኝ» አልኳት።

«አፉ ብዬሻለሁ» አለች ወዲያው። «ግን እኔ አፉ ስላልኩሽ ገበያው አይሰማም። በሩ ላይ የተናገርሽውን በሩ ላይ መልሺው።»

«በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ኢንሻ አላህ» አልኳት።

የሚቀጥለው ስብሰባ መጣ። እጄን አላነሳሁም። ደግሞ ሌላ መጣ፤ ያን ቀን ደግሞ አሞኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም አላመመኝም። ከሦስተኛው በፊት ካድራ ዕቃዋን ጭና ገጠር ወደ ዘመዶቿ ሄደች። ስትሄድ ቡሬን ተሰናበተቻት፤ እኔንም አቀፈችኝ። ስለ ስብሰባው አልጠየቀችኝም።

በሦስተኛው ተነሳሁ። «ካድራ ክፉ ዓይን የላትም። ላሜን ያሳመምኳት እኔ ነኝ፤ ያዳነቻት እሷ ናት» አልኩ። ሊቀመንበሯ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ መታች፤ «ጓዲት፣ ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነው፤ ተቀመጪ» አለችኝ። ጨርሼ ተቀመጥኩ። አንዳንዶቹ አቀረቀሩ። አንዷ «አሁን ምን ይጠቅማል?» አለች። 

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከብት ካላችሁ ከወዲሁ በቀትር በረታችሁ ገብታችሁ ጥቂት ቁሙ። እናንተ የማትችሉትን እነሱም አይችሉትም። የደጋ ሰው ቆላ ሲወርድ፣ የቆላ ሰው ደጋ ሲወጣ፣ የአገሩን ሰው ይጠይቅ። በሰው ፊት ያበላሻችሁትን ስም ደግሞ በሰው ፊት መልሱ፤ ሰውየው ሳይሄድ። እኔ ስለ ላሚቱ ተጸጽቼ ጨርሻለሁ፤ አላህ በሌላ ተክቶልኛል። ስለ ካድራ ግን አልጨረስኩም።

አዳራሹ ውስጥ የተናገርኩትን እንዲነግሯት ከገጠር በሚመጡ ወተት ነጋዴዎች በኩል ላክሁ። ከብዙ ወራት በኋላ አንዷ መልስ ይዛልኝ መጣች። ካድራ ስለ አዳራሹ ሰማች። ከዚያ «ላሚቱ ቀትር ላይ አሁንም ታለከልካለች?» ብላ ጠየቀች አለችኝ።

«አታለከልክም በያት» አልኳት።

ሌላ የምጨምረው ቃል ፈለግኩ። ሴትዮዋ ትንሽ ጠበቀችኝና ዕቃዋን ተሸክማ ሄደች።